«ምርመራ» የሚለው ቃል የተሸከመው ብዛት፤ በጡት ማሞግራፊ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ጡት ካንሰር በአማርኛ የሚዘጋጁ የጤና ትምህርት ጽሑፎች እየበረከቱ መሄዳቸው የሚያስደስት ነው። ይሁንና በሙያ ቃላት አመራረጥ ረገድ ጉድለት ይታይባቸዋል። ጉድለቱም የቋንቋ ውበት ብቻ ሳይሆን የትርጉም ነውና ሊመረመር ይገባዋል።

አስቀድሞ «ነቀርሳ»ን እንመልከት። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል የኖረው በትንፋሽ የሚተላለፈው ቲቢ ነው። የጡት ካንሰር ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንድ ስም ለሁለቱ ሲሰጥ የመጀመሪያው በሽታ ፍርሃት በሁለተኛው ታማሚ ላይ ያርፋል። ስለዚህ «ካንሰር» የውሰት ቃል ቢሆንም አሻሚ ባለመሆኑ ይመረጣል። እንደዚሁም በጡት ላይ የሚዳሰሰውን እብጠት «እባጭ» ማለት ያሳስታል። እባጭ ያማል፣ ይመግላል፣ ይፈርጣል፤ የካንሰር እብጠት ግን አብዛኛውን ጊዜ በጅምሩ አያምም። እባጭ መስሏት እስኪፈርጥ የምትጠብቅ ሴት ጊዜዋን ታጠፋለች።

ዋናው ችግር ያለው «ምርመራ» ላይ ነው። ማሞግራፊ በአነስተኛ ጨረር የሚነሣ የጡት ራጅ ሲሆን፣ ለሁለት የተለያዩ ተግባሮች ይውላል። አንደኛው ምንም ምልክት የሌላትን ሴት በየጊዜው ለማየት ነው። ሁለተኛው እብጠት የዳሰሰች፣ ከጡቷ ጫፍ ደም ያየች ወይም የጡቷ ቆዳ የተለወጠባት ሴት የምትነሣው ነው፤ በዚህ ጊዜ አጠራጣሪው ስፍራ ተለይቶ ተጨማሪ ምስሎች ይነሣሉ። ተርጓሚዎቻችን ሁለቱንም «የማሞግራፊ ምርመራ» ይሏቸዋል። አንዳንዶች ለመጀመሪያው «ልየታ»ን ያቀርባሉ፤ ነገር ግን በአማርኛ «ሐኪሙ በሽታውን ለየ» የሚባለው ምንነቱን ሲያውቅ ስለሆነ፣ ቃሉ ይበልጥ የሚስማማው ለሁለተኛው ነው።

ውጤቱን «ነፃ» ብሎ መተርጎም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። «በምስሉ አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ማሞግራፊ ጥቅጥቅ ባለ ጡት ውስጥ ያለውን ካንሰር ሊስት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጡት ደግሞ በወጣቶች ዘንድ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ በወጣው፣ በአዲስ አበባ ሕክምና ያገኙ 1,070 ሴቶችን ባካተተ ጥናት የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ (ሚዲያን) 43 ዓመት ነበር። የሚዳሰስ እብጠት ያላት ሴት ምስሉ ምንም ባያሳይ እንኳ በአልትራሳውንድ መታየት፣ ሲያጠራጥርም ናሙና መስጠት አለባት። ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው ናሙናው ነው።

አሁን ጽሑፉን የምታነብ ወይም የሚነበብላት የእብናት ሴት ናት እንበል። እብጠቷን ይዛ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ የመንገዱን ወጪና የመኸሩን ሥራ ማሰብ አለባት። «ነፃ» የሚለውን ቃል ይዛ ከተመለሰች ዳግመኛ የምትነሣበት ምክንያት የላትም። እዚህ ላይ የተርጓሚው ቃል የሐኪሙን ትእዛዝ ይሽራል።

ስለዚህ የሚከተለው ይቀርባል፤ ምልክት ለሌላት ሴት «የቅኝት ማሞግራፊ»፣ ምልክት ላላት «የመለያ ማሞግራፊ»፤ ለውጤቱም በ«ነፃ» ፈንታ «በምስሉ አልታየም»። «ራጅ» ከጣልያንኛ መጥቶ የእኛ እንደ ሆነ ሁሉ «ማሞግራፊ»ም ይለመዳል፤ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የጡት ራጅ» ከተባለ ይበቃል። ከእነዚህ የተሻለ ስያሜ ያለው ባለሙያ ቢያቀርብ መልካም ነው፤ ሁለቱን ተግባሮች በአንድ ቃል መጠቅለሉ ግን መቅረት ይኖርበታል።