ሳይቀላ የሚቀልጥ

ብረት ሲግል ይቀላል፤ በያጁም ቀለሙን አይቶ የሙቀቱን መጠን ይገምታል። አሉሚኒየም ይህን አይሰጥህም። ንጹሑ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ እንኳ በቀን ብርሃን መልኩ ያው ነጭ ነው። ለቴስታታና ለፒስቶን የሚሆነው፣ ሲሊከን የተቀላቀለበት፣ ከዚያም ቀድሞ በ577 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል። ጭሮ ባለው ጋራዤ አብዛኛውን ቀን እጄ ላይ የሚውለው ይኸው በሻጋታ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፦ የባጃጅ ቴስታታ፣ የካምቢዮ ቤት፣ የቤት መኪና ቸርኬ።

ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባጃጅ ደግሞ ሰው ከነሸቀጡ ጭኖ ዳገቷን በዝቅተኛ ማርሽ ይወጣል። ሞተሩ የሚበርደው በአየር ነው። በቴስታታው ክንፎች መካከል ዘይትና አቧራ ከተጋገረ ማራገቢያው በከንቱ ይነፍሳል። ጉዳቱ ያን ዕለት አይታይም። ፋብሪካው ብዙውን ጊዜ ቴስታታን 540 ዲግሪ አካባቢ አግሎ በድንገት ያበርደዋል፣ ከዚያም በ160 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት ያቆየዋል። ያኔ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ያሉት ማግኒዚየምና ሲሊከን በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ሆነው ይበተናሉ፤ ጭነት ሲመጣ ጥንካሬ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲቆይ ቅንጣቶቹ ተሰባስበው ይተልቃሉ፣ ቁጥራቸውም ይመናመናል። አሉሚኒየሙ ይለሰልሳል፤ ሲበርድም የድሮው ጥንካሬው አይመለስም።

ስለዚህ የተጣመመ ቴስታታ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ብቻውን አያሳምነኝም። ፊቱ ይስተካከላል፣ ልስላሴው ግን ይቀራል። መጀመሪያ የማየው የብሎኖቹን መቀመጫ ነው፤ የብሎኑ ራስ ጠልቆ ማኅተም ከተወ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ብትገባበትም አትቆይም። «ተልጧል እኮ!» ለሚለኝ ደንበኛ በጣቴ አስነክቼ አሳየዋለሁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትማ ጨርሶ አይደረግም። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የብረት እጥፍ ያህል ነው፤ ላዩ በድንገት ሲኮማተር ውስጡ ገና እንደተለጠጠ ስለሚሆን በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል።

የምት ነገር ደግሞ ከቸርኬ ጋር ይመጣል። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ሲወረድ ፍሬን ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ቸርኬው ያልፋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 17 ሳንቲሜትር ለማለፍ የሚፈጅበት የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው፤ የጉድጓድ ጠርዝ የሚመታው በዚህች ቅጽበት ነው። የብረት ቸርኬ ይጎብጣል፣ የአሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። ብዙ ሹፌር ፍጥነቱ አሉሚኒየሙን የሚያደርቀው ይመስለዋል። ሄርበርት ኮልስኪ እ.ኤ.አ. በ1949 ባስተዋወቀው ዘዴ ናሙናው በሁለት ረጃጅም ዘንጎች መካከል ተይዞ ይመታል፤ በዚህ መንገድ ሲፈተሽ ግን ቀዝቃዛ አሉሚኒየም ቀስ ተብሎ ቢገፋም በኃይል ቢመታም አቅሙ ብዙም አይለያይም። ፍጥነት በጉልህ የሚለውጠው ሲግል ነው።

ታዲያ ስንጥቁ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ሲፈስ አብሮት ከተወለደ እንከን ነው፦ እርጥበት ያስገባው የሃይድሮጂን አረፋ፣ ስለታም የሲሊከን ስባሪ፣ ከብረት ጋር ተዋህዶ እንደ መርፌ የቆመ ቅንጣት። የምቱን ጉልበት ለመዋጥ መለጠጥ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ባሉበት ግን ጥቂት እንደተለጠጠ ይቀደዳል። አሮጌ ፒስቶን በብረት ዕቃ አቅልጠው ድስት የሚያፈሱ ሙያተኞችን አከብራለሁ፤ ድስት በምት አይፈተንምና። ያው ቅልጥ ግን ከዕቃው ብረት እየሟሟበት መርፌው ስለሚበዛ ለቸርኬ አይሆንም።

የተሰነጠቀ ቸርኬም አልበይድም። ብየዳው ራሱ ቢይዝ እንኳ፣ ከጎኑ ያለው በብየዳው ሙቀት ለስልሶ የሚቀጥለው ጉድጓድ ላይ እዚያው ይለቃል። «ሂርና ድረስ ብቻ ያድርሰኝ» የሚል ካለ፣ ልኩ የሆነ የብረት ቸርኬ ፈልጌ አስሬለት ይሄዳል።