የፊት መብራት ስያሜዎች በአንድ የትርጉም መመሪያ ውስጥ

ስለ ሙያ ቃላት የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲመላለስ ይታያል፤ ይኸውም ባዕዱ ቃል እንዳለ ይወሰድ ወይስ ከግእዝ ወይም ከአማርኛ ሥር አዲስ ቃል ይውጣለት የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለም። ከእርሱ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ስያሜው አንዱን ነገር ከሌላው ለይቶ ያሳያል ወይስ አያሳይም የሚለው ነው። ይህን ለማስረዳት፣ በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ የፊት መብራት ስለ መግጠም ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ አንድ አጭር መመሪያና በመጨረሻው የተያያዘውን ሙዳየ ቃላት እንመለከታለን። ዓላማችን ሥራውን መመርመር እንጂ ሰውን መንቀፍ ስላልሆነ የተርጓሚውን ስም መጥቀስ አላስፈለገንም።

መመሪያው የሚያገለግለው 7 ኢንች ወይም 178 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የፊት መብራት ላላቸው መኪናዎች ነው። ይህ መጠን ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ መደበኛ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ በአገራችን መንገዶች በሚታዩት አሮጌ ላንድሮቨሮችና ላንድክሩዘሮች ላይም ይገኛል። በቀድሞው የአሜሪካ ሥሪት ክሩ፣ ብርሃኑን የሚመልሰው ሳሕንና የፊቱ መስታወት አንድ ወጥ ሆነው የተዘጉ በመሆናቸው ክሩ ሲቃጠል የሚጣለው ሁሉም ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤች 4 የተባለው አምፖል ግን ከሳሕኑ ተለይቶ ይወጣል፤ ይገባል። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች የፊተኛውን በኋለኛው የሚለውጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የመመሪያው ዋና ጉድለት የሚጀምረው «መብራት» ከሚለው ቃል ነው። ተርጓሚው አምፖሉንም፣ ሙሉ ዕቃውንም፣ ከዕቃው የሚወጣውንም ብርሃን በዚሁ በአንዱ ቃል ጠርተዋቸዋል። ስለዚህ «መብራቱን ከለወጡ በኋላ መብራቱን ያስተካክሉ» የሚለውን ትእዛዝ ያነበበ ሰው አምፖሉን ብቻ ቀይሮ ሥራው ተፈጸመ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሳሕኑ የሚሠራው የክሩ ቦታ ተለክቶ ነው። በኤች 4 ውስጥ በአጭሩ መብራት ክር ሥር አንዲት ጭልፋ መሳይ ብረት አለች፤ ብርሃኑ በሳሕኑ የታችኛው ክፍል ላይ እንዳያርፍ የምትከለክለው እርስዋ ናት። ክሩ ያለቦታው በሚውልበት ሳሕን ውስጥ ሌላ ዐይነት አምፖል ቢገባ ብርሃኑ ይበተንና ከፊት ለፊት የሚመጣውን ነጂ ዐይን ያጥበረብራል። በቃላት አለመለየት የመጣ ስሕተት እዚህ ላይ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በእኛ አስተያየት «አምፖል» ለአምፖሉ፣ «የፊት መብራት» ለሙሉው ዕቃ፣ «ብርሃን» ለሚወጣው ብርሃን ብቻ ቢወሰኑ አንድም አዲስ ቃል ሳይፈጠር ችግሩ ይቃለል ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ «ከፍተኛ ጨረር» እና «ዝቅተኛ ጨረር» የተባሉትን ይመለከታል። አገራችን ያሉ ነጂዎች እነዚህን «ረጅም መብራት» እና «አጭር መብራት» ይሏቸዋል። የነጂዎቹ አባባል ከመጽሐፋዊው ይልቅ ትክክል ነው። «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» ሲባል አንባቢው የሚገምተው የኃይል ልዩነት ነው። በኤች 4 አምፖል ግን ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55 ዋት ነው፤ ልዩነቱ ብርሃኑ በሚደርስበት ቦታ እንጂ በጉልበቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሕዝቡ ርቀቱን አይቶ የሰየመውን ትቶ የእንግሊዝኛውን ቃል መከተል ያስፈለገበት ምክንያት አልታየንም።

ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተቀዱ ሌሎች ሦስት ስያሜዎችም አሉ። የመጀመሪያው «የታሸገ ጨረር» ነው። የተዘጋው መስታወቱና ሳሕኑ ነው እንጂ ጨረር አይታሸግም። «ድፍን ምስር» እንደሚባለው ሁሉ፣ ያልተከፈለውንና የማይከፈተውን ዕቃ «ድፍን መብራት» ብንለው ያስኬዳል። ሁለተኛው ከመኪናው ሠሪ ሌላ ፋብሪካ ለሠራው ዕቃ የተሰጠው «ድኅረ ገበያ» የሚል ስም ነው። ይህ ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም። በአንጻሩ የገበያው ሰው ኦሪጂናል ያልሆነውን ሁሉ «ፎርጂድ» ማለት ይቀናዋል፤ ይህም አስመስሎ የተሠራውን በራሱ ስም በሕጋዊ መንገድ ከተሠራው ጋር ስለሚያደባልቅ አይበጅም። «የሌላ ሠሪ መለዋወጫ» ማለት ረዘም ቢልም አያሳስትም።

ሦስተኛው ሪሌን «ቅብብል» ማለት ነው። ቃሉ ከስፖርቱ ዱላ ቅብብል እንደ ተወሰደ ግልጽ ነው። በቅብብል ግን ያው ዱላ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ በሪሌ ከማብሪያው የሚመጣው ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ አያልፍም፤ ከባትሪው ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ብዙውን ኤሌክትሪክ ይከፍታል፤ ይዘጋል እንጂ። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባሉ፤ በባለ 100 ዋት ቢተኩ ከ16 አምፔር በላይ ይሆናል። ይህን ጭነት ካረጀ ማብሪያና ሽቦ ላይ ለማንሣት የገባ መሣሪያ ጭነቱን እንደሚያስተላልፍ ተደርጎ ከተሰየመ፣ አንባቢው ሽቦውን በዚያው በአሮጌው መንገድ ሊቀጥለው ይችላል። በጋራዡ የተለመደው «ሪሌ» ባዕድ ቢሆንም አሳሳች አይደለም።

«ማንጸባረቅ» የተባለውም ግስ ሁለት ሥራ ተሰጥቶታል። ሳሕኑ ብርሃንን ሲመልስም፣ ብርሃን የነጂን ዐይን ሲነሣም «ያንጸባርቃል» ተብሏል። አማርኛ ለኋለኛው «ማጥበርበር» የሚል የራሱ ቃል ሲኖረው አንዱን ጠቃሚ ሌላውን ጎጂ ድርጊት በአንድ ግስ መግለጽ አይገባም። የብርሃን መጠን መለኪያው «ካንዴላ» ደግሞ ያለ ማብራሪያ ገብቷል። በጋራዥ ካንዴላ ማለት በሞተር ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቃጥለው ዕቃ መሆኑን ማንም ያውቃል። መለኪያውን መለወጥ ባይቻልም «የብርሃን ካንዴላ» ብሎ መለየት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከፋው «የቀኝ እጅ መብራት» ነው። ይህ ሐረግ ሦስት ፍች ይሰጣል፤ በመኪናው ቀኝ በኩል የሚገጠም፣ መሪው በቀኝ ላለ መኪና የሚሆን፣ ወይም ተሽከርካሪ በመንገዱ ቀኝ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራ ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒዎች ናቸው። በአገራችን የሚነዳው በቀኝ ነው። ለእንዲህ ያለ አገር የተሠራ አጭር መብራት ብርሃኑ በግራ ዝቅ፣ በቀኝ ከፍ ይላል፤ በግራ የሚመጣውን ሳያጥበረብር የመንገዱን ጠርዝና እግረኛውን ያሳያል። በግራ ለሚነዳባቸው ለእንግሊዝና ለጃፓን የተሠራው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ባለመኪናው በመመሪያው ተመርቶ ይህን ቢገዛ ብርሃኑን በየሌሊቱ ወደሚመጡት ሰዎች ዐይን ያነሣል፤ እግረኛውን ግን አያይም። እዚህ ላይ ለአጭርነት መሳሳት አያስፈልግም፤ «በቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ።

መመሪያው የሚመሰገንበትም አለው። «አምፖል» እና «ፊውዝ» በሙዳየ ቃላቱ ውስጥ እንዳሉ መቀመጣቸው ተገቢ ነው፤ ብርሃኑ የሚቆምበትን መስመር «የብርሃን ወሰን» ማለታቸውም ስም ላልነበረው ነገር የተገኘ መልካም ስም ነውና በሌሎችም ቢወሰድ እንወዳለን። ተርጓሚው የመፍጠር ችሎታ እንዳላቸው ከዚህ ይታያል። የጐደለው መጠየቅ ነው። በአብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጡት ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ኮፈንና ፍሪሲዮን በየጋራዡ ለአንድ ነገር አንድ ስም ሆነው ሲያገለግሉ የኖሩት ዕቃውን በእጁ የያዘ ሰው ስለ ተስማማባቸው ነው።

መካኒክ በእጁ እንጂ በመጽሐፍ አይሠራም የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። መለዋወጫውን መርጦ የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ባለመኪናው ነው፤ የሙያ ተማሪውም የሚጀምረው ከንባብ ነው። ስለዚህ መመሪያው ዳግመኛ ከመታተሙ በፊት ሙዳየ ቃላቱ ለጥቂት የመኪና ኤሌክትሪሺያኖች ይነበብላቸው፤ በእያንዳንዱ ስያሜም ዕቃውን በጣታቸው እንዲያመለክቱ ይጠየቁ። ሁሉም ወደ አንድ ዕቃ ያመለከቱበት ስያሜ ይጽና፤ ጣታቸው የተለያየበት ግን እንደገና ይታይ።