ማውንት ሆነ ማለት ተገናኘ ማለት አይደለም

በቅርቡ ሥራ የጀመረች ልጅ «ጋሼ፣ ማውንቱ ያለ ስህተት አለፈ፤ ፒንግም ይመልሳል። ታዲያ ግማሹ ፋይል የት ገባ?» ብላ ጠየቀችኝ። አጠገቧ የነበረው ባልደረባዬ ቀደመኝ፦ «ፋየርዎሉን አጥፍተሽ ሞክሪ።» ከእሱ ጋር በዚህ ነገር ስንከራከር ኖረናል፤ ዛሬም አልተስማማንም።

ፋየርዎል ማጥፋት ምርመራ አይደለም። ችግሩ ቢፈታ እንኳ የትኛው ፖርት ከየት ወደ የት ተዘግቶ እንደነበር አይነግርም። መሃል ላይ ሌላ ፋየርዎል ካለ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይለወጥም። «ለጊዜው» ተብሎ ጠፍቶ ለወራት ያስታወሰው የሌለ ፋየርዎልም አይቻለሁ።

የልጅቷ ሲስተም ግላስተርኤፍኤስ ነው። ማውንት ስናደርግ ስሙን የምንጽፈው ሰርቨር በ24007 የሚሰጠን የቮልዩሙን ዝርዝር ነው። ከዚያ በኋላ ክላየንቱ ራሱ እያንዳንዱን ብሪክ፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን የሰርቨር ማከማቻ፣ በየፖርቱ ያነጋግራል። ፋይሎቹ በብሪኮች ተከፋፍለው ከተቀመጡና የአንዱ ብሪክ ፖርት ከተዘጋ፣ ማውንቱ ያልፋል፤ የዚያ ብሪክ ፋይሎች ግን አይታዩም። ዲኤፍም መጠኑን አሳንሶ ያሳያል። ሦስት ቅጂ የሚይዝ ቮልዩም ሲሆን ይብሳል፦ ሁሉም ፋይል አለ፣ መጻፍም ይቻላል፣ አንዱ ቅጂ ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ስለሚገናኙ የጎደለውን ይሞላሉ፤ መሞላት የሚጠብቁት ፋይሎች ዝርዝር (ሂል) ባዶ ሆኖ ወዲያው ተመልሶ ይሞላል። ይህን ያየ ሰው ዲስኩን ሲጠረጥር ይውላል።

«ከ49152 ጀምሮ በብሪኮቹ ቁጥር ልክ ክፈት» የሚለው ምክርም አርጅቷል። ከ3.4 በፊት መነሻው 24009 ነበር። ከ10ኛው ቨርዥን ወዲህ ደግሞ ብሪኮቹ ከ49152 እስከ 60999 ካለው ውስጥ በዘፈቀደ ይይዛሉ፤ ዛሬ የሠራው ግንኙነት ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የቮልዩሙን ስታተስ አይቶ ፖርቱን ማወቅ፣ ከዚያ ከክላየንቱ ሆኖ በኤንሲ መሞከር ነው። ከሰርቨሩ ላይ መሞከር ዋጋ የለውም።

መልሱን በደንብ አንብቡት። «ሪፊውዝድ» ካለ ማሽኑ ሰምቷል፣ ብዙ ጊዜ ፖርቱ ላይ የሚያዳምጥ የለም። «ታይምድ አውት» ካለ መንገድ ላይ የሚውጠው አለ። ፒንግ እየመለሰ «ኖ ሩት ቱ ሆስት» ካለ ግን ራውቲንግ አትነካኩ፤ ፋየርዎልዲ ሲከለክል የሚመጣው መልስ ነው።

ከልጅቷ ጋር ቲሲፒደምፕ ከፈትን። ወደ ሁለቱ ሰርቨሮች ሲን ሄዶ ሲንአክ ተመለሰ። ወደ ሦስተኛው ሲን ሄደ፤ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ደገመ፣ ከሁለት፣ ከአራት፤ መልስ የለም። ሰርቨሩ ዘግይቶ የተጨመረ ስለነበር በመሃሉ ፋየርዎል ሕግ ውስጥ አልገባም ኖሯል።

እኔን በዚህ ሙያ ያቆየኝ እንዲህ ያለው ሰዓት ነው። የኔትወርኩ ክፍል ስቶሬጁን፣ የስቶሬጁ ክፍል ኔትወርኩን ሲከስ ይውላል፤ እነዚያ መስመሮች ስክሪኑ ላይ ሲታዩ ክርክሩ ያበቃል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

እባካችሁ፣ አዲስ ገቢዎችን ፋየርዎል ማጥፋት አታስተምሯቸው። ቲሲፒደምፕ ማንበብ አስተምሯቸው።