ከብቶቹ የት ቀሩ?

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ጎረቤላ ባደረግነው የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ከዘፀአት ትምህርት በፊት አንድ አጭር ቪዲዮ አሳየን። ከወጣቶቻችን አንዱ ከቴሌግራም ያወረደው ነው። ሙሴ በትሩን ያነሣል፤ ባሕሩ እንደ መጋረጃ ለሁለት ይከፈላል፤ ውኃው ግንብ ሆኖ ይቆምና በውስጡ ትልልቅ ዓሣዎች ሲዋኙ ይታያሉ፤ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በመካከሉ ይተማል። ሙዚቃው ደረት ያንቀጠቅጣል። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ ኤአይ የምንለው ነው። ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ተዋናይ አልነበረም፤ ባሕርም አልነበረም። ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን አላጨበጨቡም። የልጅ ልጃቸውን ይዘው ነበር የመጡት። ስንወጣ እጄን ያዙና «የኔ ልጅ፣ ከብቱስ የት ቀረ?» አሉኝ። አልገባኝም። «ሙሴ ከነከብታችን ነው የምንወጣው ብሎ ከፈርዖን ጋር ሲከራከር አልነበረም? እኔ አንዲት ፍየል እንኳ አላየሁም» አሉ።

ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥሁ። እናታችን ልክ ናቸው። ዘፀአት ምዕራፍ 12 ሰዎቹ ሊጡ እንኳ ሳይቦካላቸው በችኮላ መነሣታቸውን፣ የማቡኪያ ዕቃቸውን በጫንቃቸው አድርገው መሄዳቸውን፣ የሚነዱት መንጋም ብዙ እንደ ነበር ይተርካል። ከአሊዩ አምባ ገበያ ወደ ጎረቤላ ያለውን ዳገት ከብት እየነዳ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። መንጋ ማለት አቧራ ነው፤ ጩኸት ነው፤ ወደ ኋላ የቀረች ጥጃ ፍለጋ ነው። በቪዲዮው ላይ ያለው ሕዝብ ግን ከልብስ ስፌት ቤት የወጣ ይመስላል። ሊጥ የተሸከመ የለም፤ ልጅ ያዘለች የለችም፤ እግሩን ጭቃ የነካው የለም።

ይህ ጽሑፍ የእኒያን እናት ጥያቄ ይዞ ፊልም ስለሚሠራው «ተአምር» ለማሰብ የሚሞክር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ሰይጣን መጣ ማለት አልፈልግም። ይህን ስሕተት አገራችን አንድ ጊዜ ሠርታዋለች። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። ጥላ በግድግዳ ላይ ሲራመድ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ያስፈራ ነበር። ብዙ ዓመታት አልፈው ግን በዚያው መሣሪያ «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም በየገጠሩ ታየ። እኔም ልጅ ሆኜ በጄኔሬተር ብርሃን፣ በተወጠረ አንሶላ ላይ አይቼዋለሁ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ፣ የሉቃስን ወንጌል ተከትሎ በእስራኤል ምድር የተቀረጸ ነው። ኢየሱስን ሆኖ የተጫወተው ብራየን ዲከን የተባለ እንግሊዛዊ ተዋናይ ሲሆን ፊልሙ ዛሬ ከ2,000 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይሰማል። ስለዚህ ጥያቄዬ መሣሪያው ቅዱስ ነው ወይስ ርኩስ የሚል አይደለም።

ብልሃት ያለበት ፊልም ሁሉ ውሸት ነው ማለትም አይቻልም። የዛሬ ወጣቶች ብዙዎቻችሁ በ1990ዎቹ ማለቂያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ያደጋችሁ ናችሁ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ያቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀው ነው። ቀጭኔዋ ፀሐይ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነበረች። ቀጭኔ አማርኛ ይናገራል ብሎ ያመነ ልጅ አልነበረም። ሆኖም እጅ መታጠብን ከእርሷ የተማረ ስንት ነው! አሻንጉሊት መሆኗ የተደበቀ ስላልነበረ ማንም አልተታለለም፤ ትምህርቱ ግን እውነት ነበር።

ወደ ውኃው እንመለስ። ፊልም ገና ከልጅነቱ በውኃ ላይ ተአምር ለማሳየት ሲታገል የኖረ ጥበብ ነው። ከፊልም ሠሪነቱ በፊት በመድረክ ላይ ምትሐት ያሳይ የነበረው ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልዬስ እ.ኤ.አ. በ1899 ክርስቶስ በባሕር ላይ ሲራመድ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 አሜሪካዊው ሲሲል ደሚል «ዐሥርቱ ትእዛዛት» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልሙ ቀይ ባሕርን ሲከፍል የተጠቀመው ጄላቲን ነበር፤ እንደ ጄሎ የሚንቀጠቀጠውን ነገር በቅርበት አንሥተው ከሰዎቹ ምስል ጋር አጋጠሙት። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ታሪኩን እንደ ገና በቀለም ሲሠራ ደግሞ ከትልልቅ ታንከሮች ውኃ ወደ ገንዳ አወረደና የተቀረጸውን ወደ ኋላ አስኬደው፤ የወደቀው ውኃ ሽቅብ ተመልሶ የተከፈለ መሰለ። የብልሃቱ ኃላፊ ጆን ፉልተን በዚህ ሥራ ኦስካር ተሸልሟል።

ይህን ፊልም ዛሬ ስናይ ስፌቱ ይታያል። የሰዎቹና የውኃው ዳር አይገጥምም፤ ከወጣቶቻችን አንዳንዶቹ አይተው ስቀዋል። በውበት ውድድር ከሆነ የቴሌግራሙ ቪዲዮ ያሸንፋል። ነገር ግን ሕዝቡ ከግብፅ የሚወጣበትን ክፍል ተመልከቱ። በግብፅ በረሃ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰልፈው የተቀረጸ ነው። ሽማግሌው አለ፤ ሕፃኑ አለ፤ አህያው፣ ፍየሉ፣ በጉ አለ። የእናታችን ከብት እዚህ ተገኘ! አህያ የዳይሬክተር ትእዛዝ አይሰማም፤ ሕፃን በራሱ ሰዓት ያለቅሳል፤ አቧራውም በነፋሱ ፈቃድ ይነሣል። እውነተኛ ነገር ካሜራ ፊት ሲቆም ማንም ያላዘዘውን ነገር ይዞ ይመጣል። በእጅ የሚሠራ ብልሃት ትልቁ ጸጋው ይህ ይመስለኛል። ሰው ካቀደው በላይ ይሰጣል።

ታዲያ ኮምፒውተር ይህን ጸጋ ያጠፋል? የግድ አይደለም። «ጁራሲክ ፓርክ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ዓለምን ያስደነቀው በኮምፒውተር ምስል ነው ይባላል። ነገር ግን በኮምፒውተር የተሠራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በዝናቡ ሌሊት መኪናውን የሚያጠቃው ግዙፍ አውሬ በአብዛኛው ስታን ዊንስተንና ባልደረቦቹ በሙሉ ቁመቱ የሠሩት ማሽን ነበር። ላስቲክ ቆዳው ዝናቡን እየጠጣ ስለሚከብድ ይንቀጠቀጥባቸው ነበርና በየመካከሉ ያደርቁት ነበር። በኮምፒውተር የሠሩትም ሰዎች ቢሆኑ እንስሳ እንዴት እንደሚራመድ አጥንተው፣ ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንደሚያርፍ አስበው ነው። በማሽኑም በኮምፒውተሩም ጀርባ «ይህ እንዲህ ይሁን» ብሎ የወሰነ፣ ስለ ውሳኔውም የሚጠየቅ ሰው አለ።

ኤአይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ከእልፍ አእላፍ ምስሎችና ቪዲዮዎች ይማራል፤ ከዚያም ዝብርቅርቅ ካለ ነጠብጣብ ተነሥቶ ከተማረው ጋር ወደሚመሳሰል ነገር ቀስ በቀስ ያጠራዋል። «ሙሴ ባሕር ሲከፍል» ስትሉት የሚሰጣችሁ ከዚህ በፊት ሰዎች ደጋግመው የሣሉትንና የቀረጹትን አቀላቅሎ ነው። ስለዚህ ሙሴው ሁልጊዜ ጢሙ የተበጠረ ነው፤ ሰማዩ ሁልጊዜ ብርቱካናማ ነው፤ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ ጉንጩ ላይ አንድ ዘለላ ዕንባ ብቻ አለው። ከብቱ የቀረው ማሽኑ ከብት መሥራት ስለማይችል አይደለም። ያዘዘው ሰው ስላልጠየቀ ነው። ያልጠየቀውም ዘፀአት 12ን ስላላነበበ ነው።

ሌላም ያመለጠ ነገር አለ። ምዕራፍ 14 ባሕሩ የተከፈለው ሌሊቱን ሙሉ በነፈሰ ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ መሆኑን ይናገራል። ሌሊቱን ሙሉ! ከኋላ የፈርዖን ሠረገላ፣ ከፊት ውኃ፣ በመካከል ጨለማና ነፋስ፤ ልጅ ይዞ ከብት ይዞ መጠበቅ ነበር። ታሪኩ የእምነት ታሪክ የሆነው በዚያ ሌሊት ጭምር ነው። ደሚልም ቢሆን ይህን ሌሊት አሳጥሮታል፤ እርሱንም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አላወጣውም። የዛሬው መሣሪያ ግን መጠበቅን ከነጭራሹ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የጉግል ቬኦ 3 በአንድ ትእዛዝ የሚሰጠው የ8 ሴኮንድ ቁራጭ ነበር። በ8 ሴኮንድ የሚከፈት ባሕር ብቻ እያየ ያደገ ወጣት የራሱ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ሳይከፈት ሲቀር ምን ይላል? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

«መምህር፣ እኛ እኮ የደሚል ገንዘብ የለንም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይህ ቀላል መከራከሪያ አይደለም። በስልኩ ብቻ ፊልም መሥራት የቻለ የገጠር ወጣት ደስታው ይገባኛል። ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየን የራሳችን ሰው አለ። የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ ንጉሣዊው ሥርዓት በወደቀበት በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀረጸ። ቀለም የለውም፤ ገበሬዎቹም ከመድረክ የመጡ ተዋናዮች አይደሉም። በፊልሙ ውስጥ የባላባቱን ከብት የምትጠብቅ ልጅ ላም ለማትረፍ ስትል ጎርፍ ይወስዳታል። ያ ውኃ ከቀይ ባሕር ጋር አይወዳደርም። የሚያስለቅሰን የውኃው ቁመት ሳይሆን ልጅቷን፣ ቤተሰቧን፣ የሚያርሱትን መሬትና የሚቆጣቸውን ባላባት ቀድመን በትዕግሥት ስላወቅናቸው ነው። ድኻ ፊልም ነው፤ ግን ከብቱ አለ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከጥቂት ወራት በፊት በሩቅ አገር የሆነ የሚመስል፣ ብርሃን በተራራ ላይ ወርዶ ሕዝብ ሲንበረከክ የሚያሳይ ቪዲዮ ደረሰኝ። «ጌታ እየሠራ ነው» ብዬ ለወጣቶቹ ግሩፕ አስተላለፍሁት። በማግስቱ ከተማሪዎቼ አንዱ በአክብሮት፣ ለብቻዬ ጻፈልኝ፤ «መምህር፣ ያ ቪዲዮ እኮ በኤአይ የተሠራ ነው፤ ከፊት ያለውን ሰውዬ ጣቶች ይቁጠሯቸው።» ቆጠርሁ፤ ስድስት ናቸው። አጠፋሁት፤ በግሩፑም ላይ ይቅርታ ጠየቅሁ። ግን እስከዚያ ስንቱ ለቤተሰቡ አሳይቶት ይሆን? በዚያ ቪዲዮ «አሜን» ያለ ሰው ውሸት መሆኑን ሲሰማ እውነተኛውንስ ምስክርነት እንዴት ያምነናል?

እምነታችን የቆመው በምስክር ላይ ነው። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ነገሩን በዓይናቸው ካዩት ሰዎች የተቀበለና በጥንቃቄ የመረመረ መሆኑን ይገልጣል። ዮሐንስም በመጀመሪያው መልእክቱ መክፈቻ የሚያወራው ስለ ሰማውና ስላየው ብቻ አይደለም፤ በእጁ ስለ ዳሰሰውም ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ብራየን ዲከን ተዋናይ መሆኑን እናውቃለን፤ «እኔ ክርስቶስ ነኝ» አላለንም። ቀጭኔዋ ፀሐይም አሻንጉሊት መሆኗን አልደበቀችም። ማንም ያላየውን «ታየ» ብሎ የሚያቀርብ ምስል ግን ብልሃት መሆኑ ቀርቶ የሐሰት ምስክር ይሆናል። በእጅ ተሠራ፣ በኮምፒውተር ተሠራ፣ በኤአይ ተሠራ፣ ፍርዱ አንድ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በኤአይ የተሠራ ነገር በጉባኤ ካሳየን ገና ሳይጀመር በኤአይ መሠራቱን እንናገር። ሁለተኛ፣ ምንጩን የማናውቀውን የተአምር ቪዲዮ ምስክርነት ብለን አናስተላልፍ፤ ለዚህ እኔ የመጀመሪያው ተማሪ ነኝ። ሦስተኛ፣ ከማየታችን በፊት እናንብብ። ምዕራፉን ያነበበ ወጣት ቪዲዮው ምን እንደ ጎደለው በራሱ ይጠይቃል።

ከሦስት ዓመት በፊት የአጥቢያችን ልጆች ይህንኑ ታሪክ በድራማ ሠርተውት ነበር። ባሕሩ ሁለት ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፤ በግራና በቀኝ የቆሙ ልጆች ያወዛውዙት ነበር። አንዱ ጨርቁን ቶሎ ለቀቀውና «ባሕሩ» ሙሴ ራስ ላይ ወደቀ። ሁላችን ሳቅን። እስራኤል ተሻግረው ሲዘምሩ ግን ከኋላ ሰዎች ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። ጨርቅ መሆኑን ያላወቀ አልነበረም።

ዘንድሮ እንደ ገና ልንሠራው አስበናል። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ያንን ቪዲዮ ያወረደው ወጣት ነው። ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ መጥቶ የሚያሳስበውን ነገረኝ። ጨርቁ ተገኝቷል፤ ማቡኪያውንም ከእናቱ ይለምናል። የቀረው ሁለት በግ የሚያውሰን ሰው ማግኘት ነው።