ከገፈርሳ እስከ ወንጪ አፋፍ፦ የመስከረም መንገድ በሞተር

ሞተር ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ! የተራራ መንገድ ባላችሁ ቁጥር ሊማሊሞን ብቻ የምታልሙ፣ እናንተም ስሙኝ! የሊማሊሞ ክብር እንደተጠበቀ ነው። ግን እዚሁ አዲስ አበባ ደጃፍ፣ ቡራዩን አለፍ ብሎ ከገፈርሳ የሚነሳ፣ በሆለታና በአዲስ ዓለም አድርጎ አምቦ የሚወርድ፣ ከዚያ የወንጪን አፋፍ ወጥቶ በወሊሶና በቱሉ ቦሎ ሰበታ ላይ የሚመለስ ዙር አለ። ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይህን መንገድ በሞተር ማየት ምን ማለት እንደሆነ ካወቅሁ ወዲህ፣ ለአገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልናገር ማደር አልቻልኩም።

ወቅቱ ራሱ ግማሽ ውበቱ ነው። ዘመን ቆጠራችን ክረምቱን መስከረም 25 ቀን ሸኝቶ በማግስቱ ዘመነ ጽጌን ያስገባል፤ መንገዱም ይህንኑ ይመሰክራል። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ የበጋው አቧራ ገና አልተነሳም። ከገፈርሳ ወደ ደቡብ ስትመለከቱ የወጨጫ ተራራ እጃችሁን ብትዘረጉ የምትነኩት ይመስላችኋል። የመንገዱ ዳርና ዳር አደይ አበባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጤፉ አረንጓዴ፣ ከዚያ ደግሞ የኑጉ ቢጫ። ጥር ላይ በዚሁ ያለፈ ሰው ሌላ አገር ነው ያየው!

ከገፈርሳ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉ። የአዲስ አበባን ሕዝብ የሚያጠጣው ግድብ በዚህ ወቅት ሞልቶ፣ ዳርቻው ለምልሞ ታገኙታላችሁ። ሞተሩን አጥፉና አዳምጡ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ የሚታየው እንዲህ ባለው ደጋ ውሃ ዳር ነው። መስኮቱን ዘግቶ ወደ አምቦ የሚፈተለክ መኪና ይህን አያውቀውም። ሞተረኛ ያውቀዋል፤ በእሱና በአገሩ መካከል መስታወት የለምና።

ከሆለታ እስከ አዲስ ዓለም የምትነዱበት መስመር ታሪክ ያለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ማገዶ ስላጠረ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከአዲስ አበባ አዲስ ዓለም ያሠሩት መንገድም ከአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። የማገዶ እጥረቱን ባሕር ዛፍ ሲያቃልለው ዋና ከተማው እዚያው አዲስ አበባ ቀረ፤ መንገዱ ግን ለእኛ ተረፈ። እንዴት ያለ ስጦታ ነው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጃኬታችሁን ከፈት አድርጋችሁ፣ አምቦ ውሃን እዚያው በተወለደበት ከተማ ቀዝቀዝ ያለውን ጠጥታችሁ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ሽቅብ በወጣችሁ በየ1000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ይህ በመጽሐፍ ሲነበብ ቁጥር ነው፤ ሞተር ላይ ግን መጀመሪያ አንገታችሁ፣ ቀጥሎ ጣቶቻችሁ፣ በመጨረሻም ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ሽታው ሳይቀር በየመታጠፊያው ይለወጣል፦ እርጥብ አፈር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከጎጆ የሚወጣ ጭስ። ሞተሩም ከፍታውን ያውቃል። 3000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ካርቡሬተር ያለው ቦክሰር ነዳጁ በዝቶበት ያቃስታል። አትጨክኑበት፤ ማርሽ ቀንሱና በራሱ ልክ ይውጣ።

ከዚያ አፋፉ ላይ ትደርሳላችሁ፤ መሬቱ ከፊታችሁ ይከፈታል! ከ3000 ሜትር በላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የወንጪ ሐይቅ፣ በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ በዙሪያው እንሰትና ገብስ። ደመና ከእናንተ በታች ይመጣል፣ ሐይቁን ይሸፍናል፣ መልሶ ይገልጣል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ የመረጣት ወዶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪን ያካተተው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን እላለሁ፦ ወንጪን በመኪና ያየ አይቷል፤ ብርዱን በደረቱ እየከፈለ የወጣ ግን አግኝቷታል!

ወደ ወሊሶ የሚወርደው ቁልቁለት ሌላ ደስታ ነው። ፍሬኑን ይዛችሁ አታግሉት፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ። ወሊሶ ስትደርሱ ሙቀቱ ይመለሳል፤ ሰበታ ስትቃረቡ ደግሞ በግራችሁ ወጨጫ እንደገና ይነሳል፣ አሁን በሌላ ፊቱ። ተዳፋቱ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚባልለት የጽድ ደን ነው። ጠዋት ከገፈርሳ ያያችሁትን ተራራ ዞራችሁ፣ ጀርባውን አይታችሁ ገባችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ቀቡ፣ የጎማውን ጥርስ ተመልከቱ፣ ጓንትና የዝናብ ልብስ ያዙ፤ የመስከረም ሰማይ ከሰዓት በኋላ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። በየመታጠፊያው ከብትና አህያ ይኖራል ብላችሁ ንዱ፣ ገበሬውንም ሰላም በሉ። ጽጌው ጥቂት ሳምንት ነው የሚቆየው፤ ኅዳር ሲገባ አበባው ይረግፋል፣ አዝመራው ይታጨዳል፣ አቧራው ይነሳል። ስለዚህ ለከርሞ አትበሉ፤ ዘንድሮ ውጡ!