ብፅዓት፣ ስምና ቆብ፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ስላሉት የኀጢአት ምልክቶች

ወር በገባ በ12ኛው ቀን ወደ የካ ሚካኤል የወጣ ሰው፣ ስዕለታቸው የሠመረላቸው ምእመናን ጃንጥላ፣ ጧፍና መጋረጃ ይዘው ሲመጡ፣ እልልታውም ሲከተላቸው ያያል። በዚያ ደጅ ስዕለት የደስታ ነገር ነው። የተሰጠው ዕቃ በዐይን ይታያል፤ ተሳዩም ዕዳውን ከፍሎ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን የተሳሉት ዕቃ ሳይሆን ሰው የሆነ እንደሆነስ? ያውም ተሳዩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሲሆን? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው ጭንቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አያሌ አንባብያን ይህን መጽሐፍ የሚያነቡት የባላባትና የድኻ ታሪክ አድርገው ነው። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ያጡትን ፊታውራሪ መሸሻን ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በዛብህ ፊታውራሪ ደጅ ከመድረሱ አስቀድሞ ታስሮ ነበር። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በሕፃንነቱ ቢታመምባቸው፣ የዳነ እንደሆነ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ልጁ ዳነ፤ ቃሉም በላዩ ቀረ። ስለዚህ ሰብለ ወንጌልን መውደዱ በባላባቱ ፊት ድፍረት ቢሆን፣ በራሱ ሕሊና ፊት ደግሞ ኀጢአት ነው።

እዚህ ላይ አሜሪካዊው ናትናኤል ሆውቶርን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1850 ያሳተመውን «ቀይ ፊደል» የተባለውን ልብ ወለድ ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ መጽሐፍ ሔስተር ፕሪን ከባልዋ ውጪ በመውለድዋ፣ የቦስተን ፒዩሪታኖች በደረትዋ ላይ ቀይ ፊደል እንድታደርግ ይፈርዱባታል። ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በፕሊመዝ ሰፈራ በ1658 የወጣ ሕግ ለአመንዝራ በልብስ ላይ ፊደል እንዲሰፋ ያዝዝ ነበር። ፒዩሪታን የነፍስ አባት የለውም። ኀጢአት ወይ በአደባባይ ይነገራል፣ ወይ እንደ ሰባኪው ዲምስዴል በልብ ውስጥ ተቀብሮ ሰውየውን ይበላዋል።

በጎጃም ግን ኀጢአት ወደ ነፍስ አባት ጆሮ ይሄዳል፤ ካህኑ ቀኖና ይሰጣል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ በልብስ ላይ ፊደል መስፋት አላስፈለገም። ታዲያ የአገሩ ሰው ከሥርዐቱ ያፈነገጠውን በምን ይለየዋል ቢባል፣ በስም ነው። ካሳ ዳምጤን እንመልከት። የተማረ ነው፤ ለፊታውራሪ ቤትም ዘመድ ነው። ነገር ግን ወግና ልማድን ስለሚነቅፍ «ጉዱ» የሚል ቃል ከስሙ ፊት ተለጠፈበት። ይህን ምልክት ዳኛ አልፈረደበትም፣ መርፌም አልሰፋውም፤ አፍ ሰጠው፣ አፍም ጠበቀው። የሔስተር ፊደል በዘመን ብዛት ትርጕሙ ተለውጦ፣ የኀፍረት የነበረው ለሚያዩዋት የርኅራኄና የብርታት ምልክት እንደ ሆነ፣ የካሳም ስም እንዲሁ ተገልብጧል። ዛሬ አንድን ሰው «ጉዱ ካሳ» የሚል ተናጋሪ ብዙ ጊዜ እያመሰገነው ነው። የሚገርመው ግን የሔስተርን ፊደል የለወጠው በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ኅብረተሰብ ሲሆን፣ የካሳን ስም የለወጥነው እኛ አንባብያን መሆናችን ነው። ውጋየሁ ንጋቱ ታሪኩን በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ መጽሐፉን ያልገለጠ ሰው እንኳ በዚህ ሥራ ተካፋይ ሆኗል።

ከሁሉ የረቀቀው ምልክት በእኔ አስተያየት የሰብለ ወንጌል ቆብ ነው። ከአባትዋ ቤት ስትወጣ የመነኵሴ ልብስ የለበሰችው ለመሸሸግ ነበር። ወደ ባል የምትሄድ ልጃገረድ፣ ባል የናቀ ሰው መስላ መሄድዋ ነው፤ ይህም ምናልባት ቀልድ ይመስል ይሆናል። በዛብህ ግን በሽፍቶች ቈስሎ በእቅፍዋ ከሞተ በኋላ ያው ልብስ እውነተኛ ልብስዋ ሆነ። እርሱ በብፅዓት የታዘዘውን ብሕትውና፣ ማንም ያልተሳለባት እርስዋ በገዛ ፈቃድዋ ፈጸመችው። ደራሲው ስለዚህ መለዋወጥ ብዙ አይናገሩም፤ ባለመናገራቸውም አሳምረዋል።

ይህን ያህል ዝምታ በሌላ ስፍራ አናገኝም። ጉዱ ካሳ አንዳንድ ጊዜ የሚናገረው ለሰሚው ሳይሆን ለአንባቢው ነው፤ ንግግሩም ስብከት ይሆናል። የሚቃወማቸው ሰባኪዎች የሚያደርጉትን እርሱም ያደርጋል። ሆውቶርን በዚህ በኩል ቍጥብ ነው፤ በዲምስዴል ደረት ላይ ምን እንደ ታየ እንኳ ያዩት ሰዎች የተለያየውን ተናገሩ ብሎ ያልፋል።

የሆነ ሆኖ በዋናው ነገር ሐዲስ ዓለማየሁም ቍጥብ ናቸው። በዛብህን የገደሉት ሽፍቶች ናቸው፤ ከፊታውራሪም ከብፅዓቱም ጋር ምንም ጕዳይ የላቸውም። ከመንደር ሽማግሌዎች አንዱ ይህን ቢሰማ፣ የፈረሰው ቃል ገደለው ማለቱ አይቀርም። ሌላው አንባቢ የመንገድ አደጋ ነው ይላል። ደራሲው ለሁለቱም አልፈረዱም፤ መጽሐፉንም ከዓላማ ልብ ወለድ በላይ ያደረገው፣ በበኩሌ፣ ይህ ነው።

ሁለቱም ደራስያን ታሪካቸውን በመቃብር ጨርሰዋል። በቦስተን የሔስተርና የዲምስዴል መቃብሮች በአንድ ድንጋይ ሥር ሆነው፣ በመካከላቸው ግን ክፍተት አለ፤ ዐፈራቸው እንኳ እንዲደባለቅ አልተፈቀደም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ግን አብረው ተቀብረዋል፤ አጠገባቸውም ጉዱ ካሳ አለ።