መልካቸው ስለሚመሳሰል ወፎችና ስለ መስክ መምሪያ መጻሕፍት

የወፎችን ዓይነት በመስክ ለይቶ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ የሚገዛው ወይም የሚዋሰው የመስክ መምሪያ መጽሐፍ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ መንገዱን የጠረገው አሜሪካዊው ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ያሳተመው ሥራ ነው። ፒተርሰን ተመሳሳይ ወፎችን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ሥሎ፤ አንዱን ከሌላው የሚለየውን ምልክት በአጭር መሥመር አመለከተ። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ወፍን በርግጥ ለማወቅ ገድሎ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል ይሉ ስለ ነበር፤ ይህ ዘዴ ለወፉም ለተመልካቹም ትልቅ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት እንዳለበት ማሳየት እንወዳለን፤ ይኸውም ተማሪውን አንድ ምልክት ብቻ አግኝቶ እንዲረካ ማስለመዱ ነው።

ለምሳሌ በእንግሊዝኛ ዊሎ ዋርብለርና ቺፍቻፍ የሚባሉትን ሁለት ትንንሽ ወፎች እንውሰድ። ሁለቱም ከሰሜን ወደ አገራችን የሚመጡ፤ ክብደታቸው 10 ግራም ያህል ወይም ከዚያ የሚያንስ፤ ጀርባቸው አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቡናማ፤ ሆዳቸው ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ነው። ለመለያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እግራቸው ነው፤ የዊሎ ዋርብለር ፈዘዝ ያለ ቡናማ፤ የቺፍቻፍ ግን ጠቆር ያለ ነው ይባላል። እኛም ባለፈው ጥቅምት በእንጦጦ ጥዶች መካከል እግሯ ጥቁር ሆኖ የታየንን ወፍ ቺፍቻፍ ብለን መዘገብን። ጥቂት ቆይታ ከጥላው ወደ ፀሐይ ብትወጣ እግሯ ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ተገኘ፤ የጻፍነውንም ስም ሰረዝነው።

ይህን ስሕተት ትንሽ አድርጎ የሚቆጥር አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቺፍቻፍ በደጋችን በጋውን የሚከርም ሲሆን፤ ዊሎ ዋርብለር በአብዛኛው አልፎ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ስም መመዝገብ፤ መንገደኛውን ነዋሪ፤ ነዋሪውን መንገደኛ ያደርጋል። በኋላ የሚመጣ ተመራማሪም ዝርዝራችንን አምኖ የሚሠራው ስሌት ሁሉ የተጣመመ ይሆናል።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ቄስ ጊልበርት ኋይት በ1768 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፤ እነዚህን ሁለቱንና የሚመስላቸውን ሦስተኛ ወፍ፤ ድምፃቸውን በማዳመጥና አካላቸውን በማስተያየት ሦስት የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን አስረድቷል። የዊሎ ዋርብለር ዜማ ከላይ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚወርድ ነው፤ ቺፍቻፍ ግን ስሙን ያገኘበትን ሁለት ቃና ይደጋግማል። ድምፅ ከልብስ ይልቅ እውነተኛ ምስክር መሆኑን የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ ለሰማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እርግጥ ወፎቹ እኛ ዘንድ ሲደርሱ እንደ መራቢያ አገራቸው አዘውትረው አይዘምሩም። ስለዚህ ብዙ ምስክሮችን መሰብሰብ ግድ ይሆናል፤ አጭሩ ጥሪ ባለ አንድ ወይስ ባለ ሁለት ቃና መሆኑን፤ ሩቅ ተጓዡ ዊሎ ዋርብለር ረዘም ያለ የክንፍ ጫፍ እንዳለው፤ ቺፍቻፍ ጅራቱን ቶሎ ቶሎ ወደ ታች እንደሚነቀንቅ፤ እግርም ከታየ በምን ብርሃን እንደታየ መጻፍ ይገባል።

የመምሪያ መጻሕፍትን ደራስያን የምንነቅፈው ውለታቸውን ዘንግተን አይደለም፤ ስለ ድምፅም መጻፋቸውን እናውቃለን። ነገር ግን ሥዕሉ ዓይንን ስለሚማርክ ጽሑፉ ሳይነበብ ይቀራል። ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ በመዝገባችን ያየነው፤ የሰማነውና የገመትነው በየዓምዱ ይለይ፤ ምስክሩ ያልበቃ እንደ ሆነም «ያልተለየ» ብለን ለመጻፍ አንፈር። ባዶ ቦታን በኋላ የሚመጣው ሊሞላው ይችላል፤ የሐሰት ስምን ግን ማን እንደ ሐሰት ያውቀዋል?